የርቢ ላም በባሬንትስ ባሕር

ጣና ዳር ተቀምጠን ስለ ኖርዌይ ዓሣ ተጨቃጨቅን። ቀልዴን አይደለም። ድምፅ ሁሉ ከፍ ብሎ ነበር፤ ቡና ቀርቦ እንኳ አልበረደም። ነገሩ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታ መሆኑንም ሁላችንም እናውቃለን። ግን ያን ቀን አንድ ሽማግሌ የተናገሩት ነገር አልለቅ አለኝ። ሰው ባገኘሁ ቁጥር ሳወራው ከርሜ በመጨረሻ ልጻፈው አልኩ።

ስልጠናው ባሕር ዳር ነበር፤ የጋራ ሀብትን ስለ መጋራት። የግብርና ባለሙያዎች ነበሩ፤ ከዘጌና ከከተማው የመጡ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ እንደኔ ለምን እንደተጠራ በደንብ ያልገባው ሰውም አልጠፋም። አሰልጣኙ ብልህ ነው። ስለ ጣና ቢጀምር ኖሮ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጎጃምና ጎንደር ተብለን እንደምንከፈል ገብቶታል። ስለዚህ ሩቅ ወሰደን። በአምስት ጠረጴዛ አምስት ወረቀት አደለ፦ የአውሮፓ ኅብረት፣ ኖርዌይ፣ አይስላንድ፣ ሩሲያ፣ ፋሮ ደሴቶች። ለእኔ ጠረጴዛ ፋሮ ደረሰችን። በዴንማርክ ዘውድ ሥር ሆና ራሷን የምታስተዳድር፣ ሕዝቧ 50,000 ምናምን የሆነ፣ ከአንድ የጎጃም ወረዳ የምታንስ አገር ናት። ደስ አለኝ። ትንሽ አገር ይዞ መጮህ ይቀላል።

የምንካፈለው ማከሬል የሚባለውን ዓሣ ነው። በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ሲዞር የሚኖር፣ አንዱ አገር ውኃ ውስጥ ተፈልፍሎ ሌላው ጋ የሚመገብ ዓሣ ነው። "ሳይንቲስቶቹ ዘንድሮ ከ100 በላይ አትያዙ ብለዋል እንበል" አለ አሰልጣኙ። መቶው ላይ ማንም አልተከራከረም። ሁሉም እሺ አለ። ከዚያ "በሉ እንግዲህ፣ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ፍትሐዊ ነው የሚለውን የራሱን ድርሻ ይጻፍ" አለን። ወረቀቱን ሰብስቦ ሰሌዳው ላይ ደመረው።

143 መጣ።

ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም። "እውነተኞቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው" አለ።

መቶውን ለመቶ አርባ

ቤት ገብቼ ሳነብ እውነቱን ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ ካልሆነ ልንግባባ አንችልም።) ማከሬልን በአብዛኛው የሚያጠምዱት የአውሮፓ ኅብረት አገሮችና ኖርዌይ ነበሩ። ከ2007 ገደማ ጀምሮ ግን ዓሣው ወደ ሰሜን ምዕራብ መዞር አበዛ። ባሕሩ ሞቆ ነው የሚሉ አሉ፤ በዝቶ ምግብ ፍለጋ ነው የሚሉም አሉ። ብቻ በጋ በመጣ ቁጥር አይስላንድ ደጃፍ ድረስ መድረስ ጀመረ። አይስላንድ ደግሞ በ2008 ባንኮቿ ተከታትለው የወደቁባት አገር ናት። እደጇ የመጣን ሲሳይ የሰው ነው ብላ የምትሸኝበት አቅም አልነበራትም። በ2010 ብቻዋን 130,000 ቶን ቆረጠች። ፋሮም ተከትላ 85,000 ቶን አለች፤ ካለፈው ዓመቷ ሦስት እጥፍ ያህል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የስኮትላንድ ዓሣ አጥማጆች ፒተርሄድ ወደብ ላይ ወጥተው አንዲት የፋሮ መርከብ ዓሣዋን እንዳታራግፍ ከለከሏት።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ አንድ ዓይነት ነው። በየዓመቱ ይሰበሰባሉ። መቀመጫው ኮፐንሃገን የሆነው፣ በ1902 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የባሕር ምርምር ምክር ቤት ስንት ቢያዝ ዓሣው እንደማይጎዳ ይነግራቸዋል። ጠቅላላው ላይ ብዙም አይጣሉም። ድርሻ ላይ ሲደርሱ ግን ይለያያሉ። ሁሉም አገሩ ገብቶ የራሱን ኮታ ያውጃል። ሲደመር፣ ከተመከረው በአማካይ 40 በመቶ ገደማ እየበለጠ ኖሯል። ከኛ 143 ብዙም አይርቅም።

በ2014 የተስፋ ጭላንጭል ነበር። የአውሮፓ ኅብረት 49.3 በመቶ፣ ኖርዌይ 22.5፣ ፋሮ 12.6 ይዘው ተስማሙ፤ የቀረው 15.6 በመቶ ለሌሎቹ ይቆይ ተባለ። አይስላንድ ግን አልፈረመችም። ብሪታንያ ከኅብረቱ ስትወጣ ያም ውል ዕድሜው አበቃ። በ2025 ምክር ቤቱ ለሚቀጥለው ዓመት የሚያዘው በ70 በመቶ ይቀነስ ብሎ መከረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

እኔን የገረመኝ ከነዚህ ሰዎች ውስጥ አንድም ሞኝ አለመኖሩ ነው። ሁሉም ያውቃል። ጠረጴዛችን ላይ ሆነን እኛም አወቅነው፦ ፋሮ ብትቀንስ የቀነሰችውን ኖርዌይ ትይዘዋለች እንጂ ባሕር ውስጥ አይቀርም። ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ይህን የነገረኝ አጠገቤ የተቀመጠ የሒሳብ ሰው ነው። ዛሬ በዛ አድርጎ የያዘ አገር ነገ ድርድር ሲቀመጥ "ይኸው ስይዝ የኖርኩት" ብሎ መዝገቡን ያቀርባል። ስለዚህ ከልክ በላይ ማጥመድ ስግብግብነት ብቻ አይደለም። ማስረጃ ማዘጋጀትም ነው። ውሉ በዘገየ ቁጥር ሁሉም ማስረጃውን ያከማቻል፤ ዓሣው ያልቃል።

ታሪክ ሲመች

የአውሮፓ ኅብረትን የያዙት የቡሬና የደንበጫ ልጆች ነበሩ። አንደኛው ተነስቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "እኛ ይህን ዓሣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ስናጠምድ ኖረናል፤ ታሪካዊ መብታችን ይከበርልን!" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ለምን እንደተሳቀ ወዲያው አልገባውም። ሲገባው እሱም ሳቀ። አባይን እየተሻገረ ያደገ የጎጃም ልጅ፣ ግብፅና ሱዳን በ1959 ውኃውን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ሲካፈሉ የቆሙበትን ክርክር አፉን ሞልቶ ሲናገር! እኛ ስንት ዓመት "ምንጩ ከኛ ነው" ስንል ኖረን፣ ወረቀት ተሰጥቶን ጠረጴዛ ሲቀየርልን አምስት ደቂቃ አልፈጀብንም።

ግን ልጁ ወረቀቱን በትክክል ነው ያነበበው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ1983 ዓሣውን እርስ በርስ ሲከፋፈሉ መነሻ ያደረጉት ከ1973 እስከ 1978 ማን ስንት ያዘ የሚለውን ነው። ያ ቀመር ከሞላ ጎደል እስከ ዛሬ ይሠራል። አይስላንድ በነዚያ ዓመታት የያዘችው ማከሬል ስለሌለ በዚያ ሒሳብ ድርሻዋ ዜሮ ነው። እሷ ታዲያ ምን ትላለች? "ዓሣው ቀጭኖ ይመጣል፣ እኔ ጋ በልቶ ወፍሮ ይሄዳል።" ይህም ሐሰት አይደለም።

ብሪታንያን ብናይ ደግሞ ይበልጥ ያስቃል። አይስላንድ የባሕር ክልሏን በ1958 ወደ 12 ማይል፣ በ1972 ወደ 50፣ በ1975 ወደ 200 ማይል ስትገፋ፣ እንግሊዞቹ "እዚህ ለዘመናት ስናጠምድ ኖረናል" ብለው ባሕር ኃይል ላኩ። መርከብ ከመርከብ ተላተመ። በ1976 ተሸንፈው ወጡ። ከአውሮፓ ኅብረት ሲወጡ ደግሞ ያው ሰዎች ዞረው "ዓሣው ያለው በእኛ ውኃ ውስጥ ነው፤ ድርሻ በዚህ ይለካ እንጂ በድሮ መዝገብ አይደለም" አሉ። በሁለቱም ጊዜ ፊታቸውን አኮሳትረው ነው የተናገሩት።

ስለዚህ እዚህ ጋ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። የትኛው መርህ ነው ትክክል? ማን ሲይዝ ኖረ የሚለው ነው ወይስ ዓሣው የት ይኖራል የሚለው? ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን ለያዛቸው ሰው ይመቻሉ። ዳኛ የለም። የተባበሩት መንግሥታት የ1982 የባሕር ሕግ በሁለት አገሮች ውኃ ለሚመላለስ ዓሣ "ተስማሙ" ይላል እንጂ እንዴት እንደሚካፈሉ አይናገርም። ልክ ነው ብሎ የሚያስገድድ ቀመር በሌለበት ቦታ ልክ የሆነውን ቀመር መፈለግ፣ ላም አለኝ በሰማይ ዓይነት ነገር ነው።

ሽማግሌው የጠየቁት

ከቡና በኋላ አሰልጣኙ ሌላ ጨዋታ አመጣ። አሁን ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ ኖርዌይና ሩሲያ። ዓሣው ኮድ የሚባለው ነው፤ ባሕሩ ባሬንትስ። ዘመኑ ደግሞ የቀዝቃዛው ጦርነት መካከል፣ አንዱ ኔቶ ውስጥ፣ ሌላው ሶቪየት ኅብረት።

የሩሲያን ጠረጴዛ ከያዙት ውስጥ ከዘጌ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ሁላችንም "አያ" ነው የምንላቸው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ብዙ አልተናገሩም፤ ጋቢያቸውን ደርበው ያዳምጣሉ። ልጆቹ ወረቀት ይዘው በመቶኛ ሲያሰሉ፣ አያ እጃቸውን አነሱ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይኼ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥል የት ነው?"

አሰልጣኙ ደስ አለው። ካርታውን አሳየ። ኮዱ የፈረንጆቹ ክረምት ሊወጣ ሲል ወደ ኖርዌይ ጠረፍ፣ ሎፎተን ወደሚባሉ ደሴቶች ወርዶ ይራባል። ጫጩቱ ከውኃው ጅረት ጋር ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ይወሰዳል።

"የሚያድገውሳ?"

"ባሬንትስ ውስጥ ነው አያ። ትንንሹ በብዛት የሚገኘው በሩሲያ በኩል ነው። ሲጎለምስ እንደገና ለመራባት ወደ ኖርዌይ ይመለሳል።"

አያ ዞር ብለው እኛን አዩን። ይህን ሁሉ ሰዓት ምን ስታደርጉ ነበር የሚል ዓይን ነው። ከዚያ "እንዴ! ይችማ የርቢ ላም ናት እኮ" አሉ። "ላሚቱ የነሱ፣ ሣሩ የኛ። እኩል ነው። ሌላ ምን አለው?"

አሰልጣኙ አንድ ቃል ሳይመልስ ቀጣዩን ስላይድ ከፈተ። ስላይዱ ላይ የነበረው 50 እና 50 ነው።

ውሉ መቼ ታሰረ

ለጎጃም አንባቢ ርቢ ምን እንደሆነ አላስረዳም፤ ከተማ ላደጋችሁ ግን፣ አንዱ ላሙን ይሰጣል፣ ሌላው ያረባል፣ የሚወለደውን ይካፈላሉ። እኔ የምለው ሌላ ነገር ነው። አያ ሲናገሩ መጀመሪያ የመሰለኝ ፍትሑን የነገሩን ነው፤ አንዱ ይወልዳል፣ አንዱ ያሳድጋል፣ ስለዚህ እኩል። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን በኋላ ሳስበው ይህ ብቻ አልነበረም። ፍትሑን ካልን ሊከራከሩበት ይችላሉ። ኖርዌይ "ትልቁ ዓሣ እኔ ጋ ነው፣ 70 ይገባኛል" ልትል ትችል ነበር። ሩሲያም ጫጩት ስትቆጥር ልትውል ትችል ነበር። ዓሣው በየዓመቱ የሚውልበት ቦታ ራሱ ይለያያል።

የርቢ ጉልበቱ ሒሳቡ አይደለም። ውሉ የሚታሰርበት ጊዜ ነው። ጥጃው ሲመጣ ማን ምን እንደሚወስድ ላሚቱ ከባለቤቷ በረት ሳትወጣ ነው የሚነገረው። ጥጃው ወይፈን ይሁን ጊደር፣ መንታ ይሁን ይሙት፣ ገና ማንም አያውቅም። ስለማያውቁ ነው የሚስማሙት። ጥጃው ተወልዶ ሲፈነጭ አይተው ቢቀመጡ ኖሮ ሽማግሌ ሁሉ አይበቃቸውም ነበር።

ኖርዌይና ሶቪየት ይህንኑ ነው ያደረጉት። የጋራ የዓሣ ኮሚሽናቸውን ለማቋቋም የተስማሙት በ1975 ነው፤ የመጀመሪያ ስብሰባቸው በ1976። ኖርዌይ 200 ማይሏን ያወጀችው በ1977 መግቢያ። ማለትም ባሕሩ በሙሉ የየራሳቸው ከመሆኑ በፊት፣ ማን ምን ያህል እንደሚያገኝ በቅጡ ሳይታወቅ፣ ኮድና ሃዶክ እኩል ተባለ። በኋላ ደግሞ ካፕሊን የሚባለው ትንሹ ዓሣ 60 ለኖርዌይ፣ 40 ለሶቪየት ሆነ። ከሁሉ የሚገርመው፣ ያኔ በመካከላቸው የተሰመረ የባሕር ድንበር እንኳ አልነበረም። ድንበሩን የፈረሙት ሙርማንስክ ላይ በ2010 ነው። ከ30 ዓመት በላይ ድንበራቸው የት እንደሆነ ሳይስማሙ ዓሣውን እኩል ሲካፈሉ ኖሩ! እኛ አገር ወሰን ሳይካለል አብሮ መብላት ሞክሩ እስኪ።

ድርሻው ከተዘጋ በኋላ የሚቀረው ጠብ አንድ ነው፤ ጠቅላላው ስንት ይሁን? እሱ ላይ በየዓመቱ ይነታረካሉ። ግን ንትርኩ ሌላ ጠባይ አለው። ጠቅላላው ቢጨምር ሁለቱም እኩል ያገኛሉ፣ ቢቀንስ ሁለቱም እኩል ያጣሉ። በ2013 የኮዱ ኮታ አንድ ሚሊዮን ቶን ደርሶ ነበር። ለ2025 ወደ 340,000 ቶን ወረደ፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከ1991 ወዲህ ዝቅተኛው ነበር። ከግማሽ በላይ ሲቀነስ "የኔ ድርሻ ይስተካከል" ብሎ ጠረጴዛ የደበደበ የለም። ማከሬል ላይ ቢሆን ኖሮ አስቡት።

ሌላም ብልሃት አለው። ኖርዌይ የሶቪየት መርከቦች ገብተው ድርሻቸውን በኖርዌይ ውኃ እንዲይዙ ፈቀደች። ሲሰማ ልግስና ይመስላል። ልግስና አይደለም። ሩሲያ በራሷ ውኃ ብቻ አጥምጂ ብትባል የምትይዘው ትንንሹን ነው፤ ያ ደግሞ ነገ ሎፎተን ሊወርድ የነበረው ዓሣ ነው። ግቢና ትልቁን ያዢ፣ ልጁን ተዪልኝ ነው ነገሩ።

ሁሉ ነገር ሰላም ነበር እያልኩ አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባሕር ላይ ከመርከብ ወደ መርከብ እያዛወሩ ከኮታ በላይ የተሰረቀው ዓሣ ብዙ ነው፤ የተቀነሰው ወደቦች ላይ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ነው። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ደግሞ ሁሉም ነገር የሚበጠስ መስሎ ነበር። ሩሲያ ከዚያ ከኮፐንሃገኑ ምክር ቤት ታገደች። የሁለቱ አገር ተመራማሪዎች ግን ለብቻቸው ቆጠራውን ቀጠሉ፤ ልዑካኑም በስክሪን እየተገናኙ ኮታውን ፈረሙ። ኖርዌይ ሩሲያ ላይ ማዕቀብ ጥላለች፤ ዓሣው ግን ማዕቀቡን አያውቅም።

ውሉ የቆየው ስለተዋደዱ አይደለም። ተዋደው አያውቁም። ጎረቤትህን ካልወደድከው ደግሞ በየዓመቱ ድርሻ ከመደራደር የሚያድንህ ውል ይበልጥ ያስፈልግሃል ባይ ነኝ።

በአጥር በኩል የመጣው

ያ የሒሳብ ሰው ወዳጄ በዚህ አልተረታም። በስልክ ሁሉ ተከራክረናል። "ሁለት ሲሆኑ ቀላል ነው" ይላል። "ሦስተኛ ሰው ሲመጣስ? አይስላንድ ምን ታድርግ? ውሉ ሲታሰር አልነበረችም፤ ዓሣው ራሱ ነው የመጣባት።"

ጥሩ ጥያቄ ነው። ባሬንትስ ራሱ መልስ ያለው ይመስለኛል። በኖርዌይና በሩሲያ ውኃ መሐል የማንም ያልሆነች ቁራጭ ባሕር አለች። በ1993 የአይስላንድ መርከቦች እዚያች ገብተው ኮድ ማጥመድ ጀመሩ። ሁለቱ ባለቤቶች በጣም ተናደዱ። የማንም ባልሆነ ባሕር ላይ ግን ማባረር አይቻልም። ስድስት ዓመት ከተጨቃጨቁ በኋላ፣ በ1999፣ ለአይስላንድ ከኮዱ ትንሽ ድርሻ ቆረጡላትና ያችን ቁራጭ ባሕር ለቃ ወጣች። እነሱም በምላሹ በአይስላንድ ውኃ ውስጥ የሚያገኙት ነገር ነበር። ድርሻዋ ጥቂት ናት። ጥቅሙ ግን ከውጭ ሆና የምታውክ የነበረችው አገር ከውስጥ ሆና ጠባቂ መሆኗ ነው።

ወዳጄ አሁንም "ጥቂት የምትባለው ስንት ናት?" ይላል። እሱ ቁጥር ይፈልጋል። እኔ ግን ቁጥሩ የሚወጣው ከቀመር ነው ብዬ አላምንም። ቁጥሩ የሚወጣው ከውጭ ያለው ሰው ምን ያህል ሊያበላሽብህ ይችላል ከሚለው ነው። ይህ ደስ አይልም፤ አስፈራርቶ መብላት ይመስላል። ግን የማከሬሉን አሥራ ምናምን ዓመት ሳይ፣ ያልተሰጣቸው ሰዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ሄደው ያዙት። ስለዚህ ያልከፈልከውን በሌላ መንገድ ትከፍለዋለህ።

አንድ ነገር ላይ ግን ተረትቻለሁ። የርቢ ውል ላሚቱ ያው በረት ውስጥ እስካለች ነው። ባሕሩ እየሞቀ ኮዱ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ እየራቀ ከሄደ፣ አንድ ቀን ሩሲያ "አሁን ላሚቱም ሣሩም እኔ ጋ ነው" ብትል ምን ይመለስላታል? ለዚህ አያም የሚመልሱት ያላቸው አይመስለኝም።

ወደ ጉማራ

ስልጠናው ሲያልቅ ሁሉም ስለ ጣና ማውራት ጀመረ፤ አሰልጣኙም የፈለገው ይህንኑ ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ ማሰብ ያልቻልኩት እሱን ነው።

ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር የሚበልጡ የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ሳይንሱ ላቤዮባርበስ ይላቸዋል። ብዙዎቹ ሐይቁ ውስጥ ያድጉና ክረምት ሲገባ ወንዝ ይወጣሉ፤ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ በኛ በኩል ደግሞ ግልገል አባይ። እዚያ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከመጣ በኋላ፣ የ1990ዎቹን መጀመሪያ ከ2000 ገደማ ጋር ያነጻጸረ ጥናት ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዓሦች መጠን በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ ሩብ እንደወረደ አሳይቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ዓሦቹ ለመራባት ወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰቡ መያዛቸው ነው። ወንዝ ውስጥ ደግሞ ውኃ እየገደቡ በብርብራ ፍሬ የሚያሰክሯቸው አሉ።

እኛ ባሕር ዳር ላይ ተቀምጠን የምንለው ይታወቃል። "በመራቢያ ወቅት ወንዝ ላይ ማጥመድ ይከልከል።" ልክ ነው። ሕጉም መንፈሱ ያው ነው። ግን ጉማራና ርብ የሚያልፉበትን የፎገራን ገበሬ አስቡት። ዓሣው ደጁ የሚመጣው በዓመት አንዴ፣ በክረምት፣ ጎተራው በሚሳሳበት ወር ነው። ዓመቱን ሙሉ ያንን ዓሣ የሚበላው ጀልባ ያለው የሐይቅ ሰው ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ጥብሱን የምናዘው እኛ ነን። ገበሬው ተው የሚባለው ደግሞ በዚያች ባለችው አንድ ወቅት ነው። ቢተው ምን ያገኛል? ምንም። እንቁላሉ ሲያድግ የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። እኛ ገበሬውን ሕግ አያከብርም እንላለን። እሱ በዚህ ውል ውስጥ መቼ ገባና?

በአያ አነጋገር ካየነው፣ ጥጃው የሚወለድበት በረት የሱ ነው። ድርሻ ግን የለውም። ኖርዌይ ሩሲያን ትንንሹን ዓሣ አትንኪ ስትል ትልቁን እንድትይዝ ነው የፈቀደችላት። እኛ ለጉማራው ሰው ምን ፈቀድንለት? የሐይቁ ማኅበር ከሚሸጠው ላይ ለወንዙ ቀበሌ የሚሄድ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ወይም የወንዙ ልጆች ከክረምት ውጭ ሐይቁ ላይ የሚያጠምዱበት ፈቃድና ጀልባ፤ ወይም ወንዙን የሚጠብቁበት የሥራ ክፍያ። በዝርዝሩ ላይ እኔ ምንም ግትር አይደለሁም። ድርሻው ግን ስንት ዓሣ ይያዝ የሚለው ጥናት ከመጀመሩ በፊት መነገር አለበት፤ ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ሁሉም የየራሱን 143 ይዞ ነው የሚመጣው።

የስልጠናው ማጠቃለያ ላይ የመረብ ቀዳዳ ስፋት አለ፣ የተከለከሉ ወራት አሉ፣ የእምቦጭ ነቀላ አለ፣ የግንዛቤ ማስጨበጫ በሁለት ቦታ ተጽፏል። ለወንዙ ሰው የሚደርሰው ድርሻ የሚል ግን የትኛውም ተራ ቁጥር ላይ የለም።